ሚሳኤል፣ ሌዘር ወይስ ጥይት? ለጠፈር ውጊያ ታሪካችሁ የሚያዋጣው የቱ ነው

ከምድር አየር ወጥቶ ጠፈር የደረሰው የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ዕቃ ሳተላይት አይደለም፤ ሚሳኤል ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 አንድ የጀርመን ቪ-2 ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተተኩሶ 176 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሰ። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ የመጣችው ከዚያ 13 ዓመት ቆይታ ነው። ስለዚህ "ሚሳኤል በጠፈር ይሠራል ወይ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ይሠራል። ክርክሩ በምን ርቀት፣ በማን ላይ እና በምን ሞተር የሚለው ላይ ነው።

ነገሩን በቁም ነገር የያዝኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ አጭር ልቦለድ ጽፌ ነበር። ካፒቴኗ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር እየከነፈ የመጣባትን ሚሳኤል ለጥቂት ታመልጠዋለች። እፎይ ስትል ሚሳኤሉ እንደ ጭልፊት ዞሮ ይመለስባታል። በጣም ኮርቼበት ነበር። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ ከገጹ ዳር "በምን ነዳጅ?" ብሎ ጻፈልኝ። ሁለት ቃል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ወፍ የለም። አየር በሌለበት ክንፍ አይሠራም። ሚሳኤሉ እንዲመለስ መጀመሪያ ያንን ፍጥነቱን አጥፍቶ መቆም አለበት፤ ይህ 5 ነው። ከዚያ በመጣበት አቅጣጫ እንደገና መፍጠን አለበት፤ ይህም ሌላ 5 ነው። ሲደመር 10። ለመምጣት ካወጣው እጥፍ ማለት ነው።

የጠፈር ውጊያ ለምትጽፉ፣ ጌም ለምትሠሩ፣ ወይም እንደኔ ዝም ብላችሁ መከራከር ለምትወዱ፣ ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለውን እነሆ።

ምርጫዎቹ

ደጋግመው የሚመጡት ሦስት ናቸው። የሚመራ ሚሳኤል የራሱ ሞተር፣ የራሱ ዓይንና የራሱ ኮምፒውተር አለው። ሌዘር ብርሃን ነው። ጥይት ደግሞ ከመድፍ ወይም በኤሌክትሪክ ከሚያስወነጭፈው ሬይልጋን የሚወጣ ብረት ነው፤ አንዴ ከወጣ ሐሳቡን አይቀይርም። የፕላዝማ ኳስ ምናምን የሚባሉትን ትቻቸዋለሁ። ሕጋቸውን የሚያወጣው ደራሲው ራሱ ስለሆነ ከምን ጋር ይወዳደራሉ?

ሦስቱም በእውነተኛው ዓለም ተሞክረዋል። ጥይቱን ሶቪየቶች ሞክረውታል። ሳልዩት 3 በተባለችው ጣቢያ ላይ መድፍ ገጥመው በጥር 1975 ሰው በሌለበት ተኩሰዋል። መድፉ አይዞርም ነበርና ለማነጣጠር ጣቢያዋ በሙሉ መዞር ነበረባት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2014 አንድ 30 ኪሎ ዋት ሌዘር በመርከብ ላይ ገጥሞ አሠማርቷል፤ እሱ ግን ባሕር ላይ ነው። በጠፈር ዒላማ እየመታ ስሙን ያስጠራው ሚሳኤል ብቻ ነው። በመስከረም 1985 ከኤፍ-15 ተዋጊ አውሮፕላን የተተኮሰ ሚሳኤል ሶልዊንድ የተባለችውን ሳተላይት ሰባበረ። ቻይና በ2007፣ ህንድ በ2019፣ ሩሲያ በ2021 የገዛ ሳተላይቶቻቸውን በዚሁ መንገድ መትተዋል። እርግጥ ሳተላይት አይሸሽም፣ አይተኩስም። ንጽጽሩ የሚከብደው እዚያ ላይ ነው።

ከመሣሪያው በፊት ሞተሩ

በምድር ላይ ስለ ሚሳኤል ሲወራ "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ይባላል። በጠፈር ይህ አነጋገር ብዙም አይጠቅምም። የሚያቆመው አየር ስለሌለ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መሄዱን አያቆምም። የሚያልቅበት ፍጥነቱንና አቅጣጫውን የመቀየር አቅሙ ነው። መሐንዲሶች ዴልታ-ቪ ይሉታል። እኔ የፍጥነት ስንቅ ብለው ይቀለኛል። መንገደኛ ስንቁ ሲያልቅ እንደሚሆነው ነው፤ ስንቁን የጨረሰ ሚሳኤል ውድ ድንጋይ ነው።

ስንቁ ደግሞ በጣም ስስታም በሆነ ቀመር ይሰፈራል። ሩሲያዊው የሮኬት ሊቅ ፂዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው ነው። ጠጣር ነዳጅ ከሞተሩ የሚያስወጣው ጋዝ በሰከንድ ወደ 2.8 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል እንበል። አንድ ቶን የሚመዝን ሚሳኤል 5.6 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ስንቅ ከፈለገ፣ ነዳጁ ሲያልቅ የሚቀረው 135 ኪሎ ነው። 8.4 ከፈለገ 50 ኪሎ ብቻ ይቀረዋል። በዚያ 50 ኪሎ ውስጥ ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ የሞተሩ ቀፎ፣ ፈንጂው፣ ሁሉም አለ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችግር እያለ ለምን ሚሳኤል? መንኮራኩሯ የባሰባት ስለሆነች ነዋ! በውስጧ ያሉ ሰዎች ወደ ቤታቸው መመለስ ይፈልጋሉ። ለመሄድ ትፈጥናለች፣ ስትደርስ ትቆማለች፣ ለመመለስ ትፈጥናለች፣ ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ትቆማለች። አራት ጊዜ ትከፍላለች። ሚሳኤል የሚከፍለው አንዴ ነው፤ ማቆሙን ዒላማው ያቆምለታል። ይህ አራትና አንድ በቀመሩ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱ ጉድ ነው። ሁለቱም 4.5 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ጋዝ የሚተፋ የሃይድሮጂንና ኦክስጅን ሞተር ይኑራቸው። የጉዞው ፍጥነትም 4.5 ይሁን። ሚሳኤሉ ሲነሳ የሚመዝነው ባዶውን ከሚመዝነው 2.7 እጥፍ ነው። መንኮራኩሯ ግን ወደ 55 እጥፍ! በዚያ ላይ ሚሳኤል ሰው የለበትም። ሰውን ራሱን የሚያስት ፍጥንጥነት ለእሱ ምንም ማለት አይደለም።

አሁን ሁለት መንኮራኩሮችን በ10,000 ኪሎ ሜትር ርቀት እናፋጥጥ። ዒላማዋ ደካማ ሞተር ነው ያላት። ወደ ጎን ስትሸሽ በየሰከንዱ ፍጥነቷ ላይ የምትጨምረው 10 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። ይህ የምድር ስበት አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ውስጧ ያለ ሰው የያዘው ብርጭቆ አይደፋበትም።

በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፍ ጥይት ቢተኮስባት 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ያው ቀርፋፋ ሞተሯ፣ ጥይቱ ከሚያልፍበት ቦታ 50 ኪሎ ሜትር ያርቃታል። ሌዘር በሰከንድ ሦስት መቶኛ ውስጥ ይደርሳል፤ መሸሽ የሚባል ነገር የለም። ሚሳኤሉ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 33 ደቂቃ ይወስዳል። ከጥይቱም ይዘገያል። ግን ያያል። ዒላማዋ በ33 ደቂቃ ሽሽት ያገኘችው ፍጥነት 200 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ሚሳኤሉ ከስንቁ የዚህን እጥፍ ለማስተካከያ ቢያስቀምጥ ይደርስባታል። እዚህ ላይ ሚሳኤል በግልጽ ያሸንፋል።

ሞተሩን ብቻ ቀይሩት። ዒላማዋ በምድር ስበት ልክ፣ ለሰዓታት ሳትታክት የምትፈጥን ይሁን፤ በሳይንስ ልቦለድ ይህ ብርቅ አይደለም። በ33 ደቂቃ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ታገኛለች፤ ከነበረችበትም 20,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በኬሚካል ነዳጅ የሚሄደው ሚሳኤላችሁ ጥላዋን እንኳ አያገኘውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ ይህ ነው፦ በታሪካችሁ ዓለም ያለው ምርጥ ሞተር ሚሳኤል ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ትንሽና ርካሽ ከሆነ ሚሳኤል ንጉሥ ነው። ሕንፃ የሚያህል ሬአክተር የሚፈልግ ከሆነ ግን ሚሳኤል ከሩቅ ቀሽም ነው፤ ከቅርብ ብቻ ይሠራል። ብዙ ደራሲ ይህን ሳይወስን መርከቦቹን ያጋጫል፤ ከዚያ በምዕራፍ ዘጠኝ ይጨነቃል። በኤሌክትሪክ ጋዝ የሚተፋው የአዮን ሞተርም መፍትሔ እንዳይመስላችሁ። ዶውን የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በእሱ ከ11 ኪሎ ሜትር በሰከንድ በላይ ስንቅ ነበራት። ግፊቱ ግን 9 ግራም የሚያህል ክብደት ነው። ስንቅ ሞልቶ እግር የለም።

ሌዘር፦ ፈጣን ግን የሚያልበው

የሌዘር ፍጥነት ሁሉን ሰው ያማልላል። ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛው ጨረሩ ይበተናል። የመስታወቱ ጥራት የፈለገውን ያህል ቢሆን የብርሃን ተፈጥሮ ራሱ አይፈቅድም። አንድ ማይክሮን የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር በ1 ሜትር መስታወት ቢለቀቅ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ 2.4 ሜትር ይሰፋል። 1 ሜጋ ዋት ቢሆን እንኳ እዚያ የሚያርፈው ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን 150 እጥፍ ቢበልጥ ነው። ያቃጥላል፤ ግን ብረት በቅጽበት አይበሳም። መስታወቱን 10 ሜትር ካደረጋችሁት ነገሩ ይለወጣል። ክቡ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ይጠባል፣ ጥንካሬው መቶ እጥፍ ያድጋል። ችግሩ አሁን መንኮራኩራችሁ 10 ሜትር የሚያብረቀርቅ ዓይን ተሸክማለች። ጠላት መጀመሪያ የሚተኩሰው ወዴት ይመስላችኋል?

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሌዘር ከሚበላው ኃይል ሲሶውን ብርሃን ቢያደርግ ጎበዝ ነው። 1 ሜጋ ዋት ሲተኩስ 2 ሜጋ ዋት በመንኮራኩሯ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ጠፈር ቀዝቃዛ ነው ሲባል ሰው ሙቀቱ በራሱ የሚሄድ ይመስለዋል። አየርም ውሃም በሌለበት ሙቀት የሚወጣው በጨረራ ብቻ ነው፤ ለዚህም ሰፋፊ ራዲያተር ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እንኳ 70 ኪሎ ዋት ገደማ ለማስወገድ እነዚያን ትልልቅ ነጫጭ ክንፎች ዘርግቷል። ከዚህ ጋር አስቡት።

ሚሳኤሉ ምን ተሸክሞ ይሂድ?

ፊልሞች ላይ ሚሳኤል አጠገብ ሲፈነዳ መንኮራኩር ትንገዳገዳለች። አትንገዳገድም። የሚገፋ አየር የለም።

ርካሹ ምርጫ ምንም አለመሸከም ነው። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚበር አንድ ኪሎ ብረት፣ ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ በኪሎ ከሚለቀው ኃይል አያንስም። ፍጥነቱ 10 ሲደርስ 12 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በላይ ፈንጂ መጫን ለስንቅ የሚሆነውን ክብደት መብላት ነው። የዚህ ምርጡ ማሳያ ጦርነት አይደለም። በመስከረም 2022 ናሳ ዳርት የተባለችውን መንኮራኩር ዳይሞርፎስ ከተባለ፣ 160 ሜትር ገደማ ስፋት ካለው የጠፈር አለት ጋር ሆን ብሎ አጋጭቷታል። ወደ 580 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ፍጥነቷ 6.1 ኪሎ ሜትር በሰከንድ። አንዲት ግራም ፈንጂ ሳይኖራት ከ2.5 ቶን ቲኤንቲ በላይ ኃይል አሳረፈች። አለቱ በጓደኛው ዙሪያ የሚዞርበት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ አጠረ።

ከዳርት እኔን የሚገርመኝ ግን ዓይኗ ነው። ቦታው 11 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር መልእክት ለመድረስ 38 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አራት ሰዓታት በካሜራዋና በኮምፒውተሯ ራሷን መርታለች። ትንሹን አለት ከትልቁ ለይታ ያየችው አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀራት ነው። የመጨረሻው ፎቶ ተልኮ አላለቀም። ከላይ ጥቂት ድንጋይ ይታያል፤ የቀረው ባዶ ነው። ከመርከብ ሆኖ ሚሳኤልን በጆይስቲክ የሚነዳ ገጸ ባሕርይ ካላችሁ ይህን ፎቶ አሳዩልኝ።

ኒውክሌር የሚሉም አሉ። በሐምሌ 1962 አሜሪካ ስታርፊሽ ፕራይም ብላ 1.4 ሜጋ ቶን ቦምብ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አፈነዳች። 1,450 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፣ በኋላም ሳተላይቶች በጨረሩ ተጎዱ። ያ የሆነው ግን የምድር አየርና ማግኔት ስላገዙት ነው። ርቆ በባዶ ጠፈር ቦምብ ማለት የኤክስሬይ ብልጭታ ነው፤ ብልጭታ ደግሞ በርቀት ቶሎ ይሳሳል። 1 ሜጋ ቶን በ1 ኪሎ ሜትር ላይ ከፈነዳ ማንንም ይጨርሳል። በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ግን በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፈው ኃይል ጠቅላላ ድምሩ የምድር ፀሐይ በ24 ሰከንድ ከሚሰጠው አይበልጥም። በቅጽበት ስለሚደርስ የመንኮራኩሯን ቆዳ ሊልጥ፣ ኤሌክትሮኒክሱን ሊያሳብድ ይችላል፤ መርከብ አይሰነጥቅም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሚሳኤሉ መንካት አይጠበቅበትም፤ መቅረብ ይበቃዋል። ከሌዘር ጋር ለሚፋለም ሚሳኤል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድር ቢያብር

አንድ ሚሳኤል መተኮስ ገንዘብ መጣል ነው። ጠፈር ውስጥ መደበቅ የለም፤ ጥቁሩ ዳራ ወደ 2.7 ኬልቪን የቀዘቀዘ ስለሆነ የበራ ሞተር በኢንፍራሬድ ካሜራ ከሩቅ ይታያል። የተከላካይዋ ሌዘር እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይጎዳል፤ አንዱን ሚሳኤል ለመግደል ደግሞ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሚሳኤል በዚያ ክልል ውስጥ 200 ሰከንድ ይቆያል። ሃያ ሚሳኤል ይሞታል። ሃያ አንደኛው ይገባል። የመቀራረቢያ ፍጥነቱን 20 ብታደርጉት ጊዜው 50 ሰከንድ ይሆናል፤ ስድስተኛው ላይ አለቀላት።

በዚህ ላይ የሞተ ሚሳኤል አይቆምም። ሞተሩም ዓይኑም ቢቀልጥ ስብርባሪው በያዘው መንገድ፣ በያዘው ፍጥነት ይመጣል። መንኮራኩሯ ገለል ማለት አለባት። ያቺ ቀርፋፋዋ ዒላማ 100 ሜትር ለመራቅ 45 ሰከንድ ይፈጅባታል። በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር እየመጣ ከ225 ኪሎ ሜትር ወዲህ የተገደለ ሚሳኤል ለእሷ ገና አልሞተም ማለት ነው።

ማሳሳቻስ? ከሚሳኤሎቹ ጋር የተለቀቀ ባዶ ፊኛ፣ አየር ስለማይጎትተው፣ እኩል ይጓዛል፤ ሞተራቸው እስካልበራ ድረስ ማን ማን እንደሆነ መለየት አበሳ ነው። ለምትሸሸዋ ግን ይህ ብልሃት አይሠራላትም። ሞተሯን ስታበራ ፊኛዋ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የሸሸችው እውነተኛዋ መሆኗ ይታወቃል።

ስለ ጥይት ብዙ አላልኩም፤ ብዙም የሚባልለት የለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2010 በ33 ሜጋ ጁል ሬይልጋን ተኩሶ ዓለምን አስደምሞ ነበር። በ2021 ፕሮጀክቱን አቆመ። በጠፈር ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ወይም መሸሽ በማይችል ጣቢያ ላይ፣ ርካሽና ጨካኝ ነው። እኔ የምወደው ቅልቅሉን ነው፤ ሚሳኤሉን በሬይልጋን ማስወንጨፍ። የመጀመሪያውን ፍጥነት መድፉ ይሰጠዋል፣ የራሱን ስንቅ ለማሳደድ ያስቀምጣል። ልካችሁን ግን እወቁ። በ100 ሜትር አፈሙዝ 10 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ማድረስ ከስበት 50,000 እጥፍ ጫና ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመድፍ የሚተኮሱ የራዲዮ ፊውዞች፣ ማለትም ጥይቱን ዒላማው አጠገብ ሲደርስ የሚያፈነዱ ዕቃዎች፣ በውስጣቸው የመስታወት ቱቦ ይዘው ጫናውን ችለዋል፤ ግን የቻሉት 20,000 ገደማ ነው። ፍጥነቱን ወደ 5 ካወረዳችሁት ጫናው ወደ 13,000 ይወርዳል። ያኔ ዓይኑ ሳይሰበር ይወጣል።

ታዲያ የቱን?

ታሪካችሁ በአንድ ፕላኔት ምህዋር ላይ ከሆነ፣ ሞተሮቹም የዛሬዎቹን የሚመስሉ ከሆነ፣ ብዙ ሳታስቡ ሚሳኤል ያዙ። ሌዘሩን ለመከላከያ ተዉት። ፈንጂውን አውጡት።

ሞተሮቹ ኃያል ግን ግዙፍ ከሆኑ ዋናው መሣሪያ ሌዘር ነው። ሚሳኤል ጠላት ስንቁን ጨርሶ ሲንሳፈፍ የሚላክ ማጠናቀቂያ ይሆናል። ኃያልና ትንሽ ከሆኑ መርከቦቹ ሚሳኤል ተሸካሚ ጋሪ ይሆናሉ። ውጊያውም የቁጥር ጨዋታ ነው፤ ማን ስንት ላከ፣ ማን ስንት ገደለ። ለጌም ግሩም ነው። ለልቦለድ ግን ካልተጠነቀቁ የሂሳብ ደብተር ይመስላል።

እኔ ለልቦለድ ቀርፋፋውን ሚሳኤል እመርጣለሁ። ሌዘር ለአንባቢ ጊዜ አይሰጥም። በሚሳኤል ግን ሁሉም ሰው ሞቱን ከሩቅ ያየዋል፤ 33 ደቂቃ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ደብዳቤ ይጽፋል።

ያን ልቦለድ በዚህ መንገድ እንደገና ጻፍኩት። ጭልፊቱ ሚሳኤል ወጣ። በምትኩ 24 ሚሳኤል መጣ፣ ካፒቴኗ 200 ሰከንድ ሙሉ በሌዘር ለቀመቻቸው። ሃያዎቹን ገደለች፣ ለአራቱ መንኮራኩሯን አዞረች። ለወዳጄ ላክሁለት። ከገጹ ዳር ሁለት ቃል ጽፎ መለሰልኝ፦ "ሙቀቱስ የት?"

200 ሰከንድ በ2 ሜጋ ዋት 400 ሜጋ ጁል ነው። ራዲያተሩ ያንን ሁሉ በዚያች አጭር ጊዜ አይችለውም። ወደ 150 ኪሎ ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን ወደ ውጭ መልቀቅ ይቻላል። በመንኮራኩሯ ያለው ውሃ ደግሞ የሚጠጡት ብቻ ነው። አሁን ሦስተኛውን ረቂቅ ይዣለሁ፤ ካፒቴኗ ሃያ አንደኛው ሳይደርስ ጋኑን ትክፈት አትክፈት ከመርከበኞቿ ጋር እየተከራከረች ነው።